የቁሶች ስብራት (ምሕንድስና)

የቁሶች ስብራት ማለት ብረት፣ ኮንክሪት፣ መስታወት፣ እንጨት ወይም ሌላ የምሕንድስና ቁስ ያረፈበትን ጭነት መሸከም ሲያቅተው የሚደርስበት ጉዳት ነው። ቁሱ ለሁለት ሊሰበር፣ ሊቀደድ፣ ሊጎብጥ፣ ወይም ቅርጹ ለሥራው እስከማይሆን ድረስ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በምሕንድስና አንድ አካል ከሥራ ወጣ የሚባለው የግድ ሲሰበር ብቻ አይደለም፤ የጎበጠ ምሰሶም ሆነ በሙቀት ብዛት የተለጠጠ የተርባይን ምላጭ ባይሰበርም ከሥራ ወጥቷል።

ብዙ ጊዜ ቁስ የሚሰበረው ጭነቱ ከጥንካሬው ሲበልጥ ብቻ ይመስላል። ይህ የሚሠራው እንከን ለሌለው ቁስ፣ አንድ ጊዜ ለሚጫን ጭነትና ለመጠነኛ ሙቀት ነው። በታሪክ ከታወቁት አደጋዎች ብዙዎቹ ግን የደረሱት ጭነቱ ከተፈቀደው መጠን ሳያልፍ ነው። በውስጣቸው ትንሽ ስንጥቅ ነበረ፣ ጭነቱ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ ነበር፣ ብርድ ወይም ዝገት አዳክሟቸው ነበር። በዚህ የተነሳ የስብራት ሳይንስ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ጥያቄውን ቀይሯል። ቀድሞ የሚጠየቀው «ቁሱ ምን ያህል ጠንካራ ነው?» የሚል ነበር፤ ዛሬ ግን «ምን ያህል ስንጥቅ ይዟል? ስንጥቁስ በምን ፍጥነት ያድጋል?» የሚለውም አብሮ ይጠየቃል።

ጭነት እና ውጥረት

አንድ ገመድ መበጠስ አለመበጠሱን የሚወስነው የተንጠለጠለበት ክብደት ብቻ ሳይሆን የገመዱ ውፍረትም ነው። ስለሆነም መሐንዲሶች ጉልበቱ ለምን ያህል ስፋት እንደተከፋፈለ ያሰላሉ። ይህ መጠን ውጥረት ይባላል።

ውጥረት = ጉልበት ÷ ጉልበቱን የሚሸከመው ገጽ ስፋት

የውጥረት መለኪያ ፓስካል ነው። ለብረትና ለኮንክሪት አመቺ የሆነው ግን ሜጋ ፓስካል ሲሆን፣ 1 ሜጋ ፓስካል በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ያረፈ 1 ኒውተን ጉልበት ነው።

ለምሳሌ ዲያሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ፌሮ 78.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ፌሮው የተሠራበት ለስላሳ ብረት እስከ 250 ሜጋ ፓስካል ድረስ ቅርጹን ሳይለቅ ይችላል ቢባል፣ ፌሮው የሚሸከመው ጉልበት 250 × 78.5፣ ማለትም 19,600 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህ የ2 ቶን ክብደት ገደማ ነው። የፌሮው ዲያሜትር ወደ 20 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ስፋቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን የሚሸከመውም ወደ 8 ቶን ያድጋል።

ጭነት በተለያየ መንገድ ይመጣል። ቁሱን የሚስብ፣ የሚጨምቅ፣ የሚያጥፍ፣ የሚጠመዝዝ፣ ወይም እንደ መቀስ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ክፍሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያንሸራትት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ሸራች ጉልበት ይባላል። አንድ ቁስ ለአንዱ ዓይነት ጭነት ጠንካራ፣ ለሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል።

ብረት ሲሳብ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

የቁስን ጠባይ ለማወቅ የሚደረገው መሠረታዊ ሙከራ ናሙናን በማሽን እየሳቡ ጉልበቱንና የርዝመቱን ለውጥ መመዝገብ ነው። ለስላሳ ብረት በዚህ ሙከራ አራት ደረጃዎች ያልፋል።

1. ተመላሽ ለውጥ። በመጀመሪያ ርዝመቱ ከጉልበቱ ጋር እኩል በሆነ መጠን ይጨምራል፤ ጉልበቱ ሲነሳ ናሙናው ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ዝምድና እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ለውጡ ለዓይን የማይታይ ትንሽ ነው፤ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ብረት በ250 ሜጋ ፓስካል ሲወጠር የሚረዝመው 1.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውጥረት ሦስት እጥፍ ገደማ ይረዝማል።

2. መሸነፍ። ውጥረቱ ከተወሰነ ነጥብ ሲያልፍ በብረቱ ውስጥ ያሉት የአተም ድርድሮች አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ከዚህ በኋላ ጉልበቱ ቢነሳም ብረቱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ይህ የመሸነፊያ ነጥብ ይባላል።

3. መጠንከር። የተሸነፈው ብረት ሲለጠጥ እየጠነከረ ስለሚሄድ የበለጠ ጉልበት መሸከም ይቀጥላል። ለስላሳ ብረት እስከ 400 ሜጋ ፓስካል ገደማ ሊደርስ ይችላል።

4. መቅጠንና መሰበር። በመጨረሻ ናሙናው በአንድ ቦታ እንደ አንገት ይቀጥናል፤ እዚያው ላይ ይበጠሳል።

ተለጣጭ እና ተሰባሪ ቁሶች

ከመሰበሩ በፊት ብዙ የሚለወጥ ቁስ ተለጣጭ፣ ሳይለወጥ በድንገት የሚሰበር ደግሞ ተሰባሪ ይባላል። ለስላሳ ብረት፣ መዳብና አሉሚኒየም ተለጣጭ ናቸው። መስታወት፣ ሸክላ፣ ድንጋይ፣ ኮንክሪትና ጠመኔ ተሰባሪ ናቸው።

ልዩነቱን በክፍል ውስጥ በጠመኔ ማየት ይቻላል። ጠመኔን በሁለት እጅ ይዘው ቢያጥፉት ቀጥ ብሎ በአግድም ይሰበራል። ቢጠመዝዙት ግን ስብራቱ በ45 ዲግሪ የተጠማዘዘ ጠመዝማዛ ገጽ ይኖረዋል። ምክንያቱም ተሰባሪ ቁስ የሚሸነፈው ለሳቢ ውጥረት ነው፤ በመጠምዘዝ ጊዜ ደግሞ ሳቢው ውጥረት ከፍተኛ የሚሆነው በ45 ዲግሪ አቅጣጫ ነው። ለስላሳ ብረት ሲጠመዘዝ ግን ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ እርሱ የሚሸነፈው ለሸራች ውጥረት ስለሆነ ነው።

ድንጋይና ኮንክሪት መጨመቅን በደንብ ይችላሉ፤ መሳብን ግን አይችሉም። የኮንክሪት የመሳብ ጥንካሬ የመጨመቅ ጥንካሬው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። በአክሱም ወድቆ የሚገኘው ትልቁ ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱም 520 ቶን ያህል እንደሆነ ይገመታል። ተመራማሪዎች ሲቆም ወይም ከቆመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ያስባሉ። ቀጥ ብሎ ለቆመ ሐውልት የራሱ ክብደት መጨመቅ ብቻ ስለሆነ ድንጋዩ በቀላሉ ይችለዋል። ያው ድንጋይ ጋደም ሲል ወይም መሬት ሲመታ ግን ስለሚታጠፍ አንዱ ጎኑ ይሳባል፤ ተሰባሪ ድንጋይም በዚያ በኩል ይከፈታል።

በኮንክሪት ውስጥ ፌሮ የሚገባው ይህን ድክመት ለመሸፈን ነው። ፌሮው መቀመጥ ያለበት ኮንክሪቱ በሚሳብበት ጎን ነው። በሁለት ምሰሶ ላይ ያረፈ ቢም መሐሉ ላይ ወደ ታች ስለሚታጠፍ የሚሳበው የታችኛው ጎኑ ነው። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ ግን ተቃራኒ ነው፤ የሚሳበው የላይኛው ጎኑ ነው። በበረንዳ ውስጥ ዋናውን ፌሮ ከታች ማስቀመጥ፣ ወይም ከላይ የታሰረውን ፌሮ ኮንክሪት ሲፈስ ረግጦ ማውረድ፣ የብረቱ መጠን ትክክል ቢሆንም እንኳ በረንዳውን ለአደጋ ይዳርጋል። በተጨማሪም የግንባታ ደንቦች ፌሮው ኮንክሪቱ ከመፍጨቱ አስቀድሞ እንዲሸነፍ አድርገው እንዲነደፍ ይጠይቃሉ። ይህም ቤቱ ከመውደቁ በፊት ስንጥቅና መታጠፍ እንዲታይ፣ ሰዎችም ለመውጣት ጊዜ እንዲያገኙ ነው።

ተለጣጭነት ግን ቋሚ ጠባይ አይደለም። ጃንዋሪ 16 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ መርከብ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ታስራ ሳለች በድንገት መሐሏ ላይ ተሰነጠቀች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፍጥነት ከተሠሩት የሊበርቲ መርከቦችም ብዙዎቹ ተመሳሳይ ስንጥቅ ታይቶባቸዋል። መጀመሪያ ጥፋተኛ የተባለው ብየዳው ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ኮንስታንስ ቲፐር ግን ብረቱ ራሱ ከተወሰነ የቅዝቃዜ መጠን በታች ከተለጣጭነት ወደ ተሰባሪነት እንደሚለወጥ አሳየች። የብየዳው ድርሻ ሌላ ነበር፤ በሪቬት በተያያዘ መርከብ ስንጥቅ ከአንዱ ላሜራ ጫፍ ሲደርስ ሊቆም ይችላል፣ በተበየደ መርከብ ግን የሚያቆመው የለም። ዛሬ ለመርከብ፣ ለቧንቧና ለድልድይ የሚሆን ብረት በቅዝቃዜ ውስጥ እያለ በሚወዛወዝ መዶሻ ተመትቶ ይፈተናል፤ ሙከራው በፈረንሳዊው ጆርጅ ሻርፒ ስም ይጠራል።

መጉበጥ

ቀጭን ምሰሶ ሲጫን ቁሱ ሳይሸነፍ ወደ ጎን ሊጎብጥ ይችላል። ቀጭን በትርን ከላይ ሲጫኑት እንደ ቀስት የሚታጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። የስዊስ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ሌዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ ምሰሶ የሚጎብጥበት ጭነት የሚወሰነው በቁሱ ጥንካሬ ሳይሆን በግትርነቱ፣ በመቁረጫ ገጹ ቅርጽና በርዝመቱ ነው። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የሚችለው ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ የበለጠ ጠንካራ ብረት መግዛት ከመጉበጥ አያድንም፤ የሚያድነው ምሰሶውን መሐሉ ላይ ማገዝ ወይም ያንኑ ብረት ባዶ ቱቦ አድርጎ ከመሐል ማራቅ ነው። በግንባታ ቦታ የሚቆም መወጣጫ በየመሐሉ አግድምና ሰያፍ ማያያዣ የሚደረግለትም ለዚህ ነው።

ስንጥቅ እና የውጥረት ክምችት

ጨርቅ ሻጭ ጨርቁን በጉልበት ለመቅደድ አይታገልም። ጫፉን በመቀስ ነካ ያደርግና ሁለቱን ጎን ይስባል፤ ጨርቁ ከተቆረጠው ቦታ ጀምሮ ያለ ችግር ይቀደዳል። የጨርቁ ክር አልደከመም፤ ነገር ግን ጉልበቱ ሁሉ በቁርጡ ጫፍ ባለው አንድ ክር ላይ ተሰብስቧል።

በብረትም እንዲሁ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኪርሽ በሚሳብ ሰፊ ላሜራ ላይ ክብ ቀዳዳ ቢኖር በቀዳዳው ጠርዝ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ ሦስት እጥፍ እንደሚሆን አሰላ። በ1913 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኢንግሊስ ሞላላ ቀዳዳን አጠና። ቀዳዳው ለጉተታው አግድም ሆኖ ርዝመቱ የወርዱ አሥር እጥፍ ከሆነ፣ በጫፉ ያለው ውጥረት 21 እጥፍ ይደርሳል። ቀዳዳው እየሾለ ሲሄድ ቁጥሩ ያለ ገደብ ያድጋል። በዚህ ስሌት ብቻ ቢሄዱ ማንኛውም ስንጥቅ ያለው ነገር በትንሽ ጉልበት መሰበር ነበረበት፤ ይህ ግን በተግባር አይታይም።

መፍትሔውን ያገኘው በፋርንቦሮ የእንግሊዝ አውሮፕላን ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ግሪፊዝ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናቱ ከውጥረት ይልቅ ኢነርጂን መሠረት አደረገ። ስንጥቅ ሲያድግ አዲስ ገጽ ስለሚፈጥር ኢነርጂ ይወስዳል፤ ይህ ወጪ ከስንጥቁ ርዝመት ጋር እኩል ያድጋል። በተቃራኒው ስንጥቁ በዙሪያው ያለውን የተወጠረ ቁስ ስለሚያላላ ኢነርጂ ይለቃል፤ ይህ ገቢ ከርዝመቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ስንጥቁ አጭር ሲሆን ወጪው ይበልጣል፣ ስንጥቁም ባለበት ይቆያል። ከተወሰነ ርዝመት በኋላ ግን ገቢው ይበልጥና ስንጥቁ ያለ ተጨማሪ ጭነት በራሱ ይሮጣል። ይህ ርዝመት ወሳኝ ርዝመት ይባላል።

አሜሪካዊው ጆርጅ ኧርዊን ይህን ሐሳብ በ1950ዎቹ ለብረታ ብረት እንዲያገለግል አድርጎ አሻሻለው። በእርሱ አቀራረብ የስንጥቅ ብርታት የሚባለው መጠን እንዲህ ይሰላል።

የስንጥቅ ብርታት = ውጥረት × ስኩዌር ሩት (ፓይ × የስንጥቁ ግማሽ ርዝመት)

ይህ ቁጥር የስንጥቅ ጽናት ከሚባለው የቁሱ ጠባይ ጋር ሲተካከል ቁሱ ይሰበራል። ለአውሮፕላን ከሚያገለግሉ በጣም ጠንካራ የአሉሚኒየም ዓይነቶች የአንዱ የስንጥቅ ጽናት 25 ነው ይባል፤ መለኪያው ሜጋ ፓስካል በስኩዌር ሩት ሜትር ሲባዛ ነው። በ150 ሜጋ ፓስካል ውጥረት ቢሠራ ወሳኙ ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ውጥረቱ ወደ 300 ሜጋ ፓስካል እጥፍ ቢያድግ ወሳኙ ስንጥቅ ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ቁስን አብዝቶ ማስጨነቅ ሊታይ የሚችለውን ስንጥቅ ወደማይታይ ይቀይረዋል። የጥንካሬና የስንጥቅ ጽናት ጉዳይም የተለያየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ብረት እጅግ ሲጠነክር የስንጥቅ ጽናቱ ይቀንሳል።

ድካም

ሽቦን በእጅ ጎትቶ መበጠስ ያስቸግራል፤ ወዲህና ወዲያ ደጋግሞ ማጠፍ ግን በጥቂት ደቂቃ ይሰብረዋል። አንድ ጊዜ ቢጫን የማይጎዳ ጭነት ሲደጋገም የሚያመጣው ስብራት ድካም ይባላል። በብዙ ሰዎች ግምት በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ከሚደርሰው ስብራት አብዛኛው የድካም ነው።

ችግሩን ለሕዝብ ያሳወቀው ሜይ 8 ቀን 1842 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ በመጓዝ ላይ የነበረ ባቡር አደጋ ነው። የባቡሩ አክስል ተሰብሮ ፉርጎዎቹ ተደራርበው ሲቃጠሉ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ባቡር ሲሄድ አክስሉ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይታጠፋል፤ አሁን የሚሳበው ጎኑ ከግማሽ ዙር በኋላ ይጨመቃል። የጎማው ዙሪያ 3 ሜትር ቢሆን በ3,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይታጠፋል።

ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ1850ዎቹና 1860ዎቹ የአክስል ናሙናዎችን እየጫነ በማሽን በማሽከርከር ለድካም የመጀመሪያውን ሥርዓት ያለው ሙከራ አደረገ። ውጥረቱ ዝቅ ሲል ቁሱ የሚችለው ዙር በጣም እንደሚበዛ አገኘ። ይህን ግንኙነት የሚያሳየው ስዕል ዛሬም የቮለር መስመር ይባላል። ብዙ የብረት ዓይነቶች ከተወሰነ ውጥረት በታች ከሆኑ ለሚሊዮኖች ዙር አይሰበሩም፤ ለተወለወለ ናሙና ይህ ገደብ ከከፍተኛ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ገደብ የለውም። ውጥረቱ ዝቅተኛ ቢሆንም መደጋገሙ በመጨረሻ ይሰብረዋል።

ድካም ሦስት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ በጭረት፣ በብየዳ ጠርዝ፣ በቀዳዳ ወይም በስለታም ማዕዘን ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ይወለዳል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ዙር በጥቂቱ ያድጋል። በመጨረሻ የቀረው ቁስ ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው በአንዴ ይሰበራል። የጭነት መኪና ባሌስትራ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲሰበር ያ የመጨረሻው ጉድጓድ ብቻውን የሰበረው ይመስላል፤ ስንጥቁ ግን አስቀድሞ ሲያድግ የቆየ ሊሆን ይችላል።

የተለያየ መጠን ያላቸው ጭነቶች ሲቀላቀሉ የሚያገለግል ቀላል ስሌት አለ፤ የማይነር ደንብ ይባላል። ቁሱ በአንድ የውጥረት መጠን 100,000 ዙር የሚችል ሆኖ 25,000 ቢሠራበት ዕድሜው ሩብ ሄዷል። በሌላ ከፍ ባለ ውጥረት 10,000 የሚችል ሆኖ 5,000 ቢሠራበት ደግሞ ግማሽ ሄዷል። በጠቅላላ ሦስት አራተኛው ተበልቷል ማለት ነው። ደንቡ የጭነቶቹን ቅደም ተከተል ስለማይመለከት ውጤቱ ግምት ነው።

የኮሜት አውሮፕላን ምርመራ

የድካም ትምህርት በጣም ውድ ዋጋ የተከፈለበት በኮሜት አውሮፕላን ነው። የእንግሊዝ ሥራ የሆነው ዴ ሀቪላንድ ኮሜት በሜይ 1952 እ.ኤ.አ. መንገደኞችን ማጓጓዝ የጀመረ የመጀመሪያው የጄት አውሮፕላን ነው። ከፍ ብሎ ስለሚበር ተሳፋሪዎች እንዲተነፍሱ ውስጡ በአየር ግፊት ይሞላል። አካሉ በእያንዳንዱ በረራ አንድ ጊዜ ይነፋል፣ አንድ ጊዜ ይሟሽሻል።

ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. ከሮም ወደ ለንደን የተነሳ ኮሜት ኤልባ ደሴት አጠገብ በአየር ላይ ተበታትኖ 35 ሰዎች ሞቱ። ኤፕሪል 8 ቀን ደግሞ ከሮም ወደ ካይሮ የሚበር ሁለተኛ ኮሜት ኔፕልስ አካባቢ ወድቆ 21 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኖቹ አዲስ ነበሩ፤ የመጀመሪያው 1,290፣ ሁለተኛው 900 ያህል በረራ ብቻ ነበራቸው።

መርማሪዎች በፋርንቦሮ አንድ ሙሉ የኮሜት አካል በትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገቡ፤ ውስጡንም በውኃ ሞልተው እንደ በረራ ግፊቱን ደጋግመው ከፍና ዝቅ አደረጉ። ውኃ የተመረጠው እንደ አየር ስለማይታመቅ አካሉ ሲቀደድ ስለማይፈነዳና የተቀደደው ቦታ ሳይበላሽ ስለሚገኝ ነው። አውሮፕላኑ ቀድሞ የበረረው ተደምሮ በ3,057ኛው ዙር ተቀደደ። ስንጥቁ የተነሳው ከመክፈቻ ማዕዘን አጠገብ ካለ የሪቬት ቀዳዳ ነበር። ከባሕር የወጣው የኤልባው አውሮፕላን ስብርባሪም ጣራው ላይ ባለ የአንቴና መክፈቻ ማዕዘን አጠገብ የድካም ምልክት ተገኘበት።

አምራቹ ቀደም ሲል የአካሉን ክፍል ፈትኖ ከ16,000 ዙር በላይ መቻሉን አይቶ ነበር። ፈተናው ያሳሳተው ያው ናሙና አስቀድሞ ለጥንካሬ ሙከራ ሲባል ከመደበኛው እጅግ በበለጠ ግፊት ተነፍቶ ስለነበር ነው። ያ ከፍተኛ ግፊት የማዕዘኖቹን ብረት በጥቂቱ አሸንፎ ሲመለስ በዚያ ቦታ መጨመቅን ትቷል፤ የተጨመቀ ቦታ ደግሞ ስንጥቅ እንዳያድግ ያግዳል። ስለዚህ የተፈተነው ናሙና ተሳፋሪ ከሚጭኑት አውሮፕላኖች የበለጠ ዕድሜ ነበረው። ከዚያ ወዲህ የጥንካሬና የድካም ሙከራ በተለያየ ናሙና ላይ ይደረጋል።

ሙቀት እና ዝገት

ቁስ በከፍተኛ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ሲጫን፣ ጭነቱ ባይጨምርም ቀስ በቀስ ይለጠጣል። ይህ አዝጋሚ መለጠጥ የሚጎላው ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ ተቆጥሮ ከማቅለጫው ሙቀት አራት አሥረኛ ገደማ ሲያልፍ ነው። ለብረት ይህ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ስለሆነ በክፍል ሙቀት እንኳ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይለጠጣል። የኃይል ማመንጫ ቧንቧ ለአሥርት ዓመታት እንዲሠራ ስለሚፈለግ ያን ያህል ጊዜ መፈተን አይቻልም፤ መሐንዲሶች ሙቀቱን ከፍ አድርገው ለአጭር ጊዜ ይፈትኑና ውጤቱን ወደ ረጅም ጊዜ በስሌት ያሸጋግራሉ።

ዝገት በበኩሉ ብረቱን ከማሳሳት አልፎ ከውጥረት ጋር ሲተባበር ስንጥቅ ይወልዳል። በአሜሪካ ኦሃዮ ወንዝ ላይ በ1928 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሲልቨር ድልድይ ዲሴምበር 15 ቀን 1967 መኪና በበዛበት ሰዓት ፈርሶ 46 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ድልድዩን ከያዙት የብረት ሰንሰለት ዘንጎች በአንዱ ጆሮ ውስጥ የነበረ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ነበር። ስንጥቁ መጋጠሚያው ካልተፈታ በስተቀር ሊታይ አይችልም ነበር። እያንዳንዱ የሰንሰለቱ ክፍል ሁለት ዘንግ ብቻ ስለነበረው አንዱ ሲሰበር ሌላው ብቻውን አልቻለም፤ ድልድዩም ሙሉ በሙሉ ወደቀ። ከዚህ አደጋ በኋላ አሜሪካ ድልድዮች በየጊዜው እንዲመረመሩ የሚያዝ አገር አቀፍ ደንብ አወጣች።

ስብራትን የመተንበያ መንገዶች

ስብራት የሚተነበየው ከአራት አቅጣጫ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የደኅንነት ብዜት። ከሁሉ የቆየው መንገድ ነው። ቁሱ የሚችለው ውጥረት በ2፣ በ3 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ቁጥር ይካፈልና ከዚያ በላይ መጫን ይከለከላል። ብዜቱ የጭነት ግምት ስሕተትን፣ የቁስ ልዩነትንና የአሠራር ጉድለትን ይሸፍናል። ጭነቱ ከብዙ አቅጣጫ ሲመጣ ውጥረቶቹ በመጀመሪያ ወደ አንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ። ለተለጣጭ ቁስ በብዛት የሚያገለግለው በ1913 እ.ኤ.አ. የታተመው የፎን ሚዘስ መለኪያ ነው፤ በዚህ መለኪያ ብረት ለሸራች ውጥረት የሚሸነፈው ለመሳብ በሚሸነፍበት 58 ከመቶ ያህል ነው።

የዕድሜ ገደብ። አካሉ የሚችለው ዙር ተገምቶ፣ ገና ጤነኛ ሳለ ከሥራ ይወጣል። ስንጥቅን ለማየት በማይመቹ የሚሽከረከሩ አካላት ላይ ይሠራበታል።

ስንጥቅ አለ ብሎ መነሳት። በዚህ መንገድ ቁሱ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ በምርመራ ሊገኝ ከሚችለው ትንሹ ያህል ስንጥቅ እንዳለበት ይታሰባል። ቀጥሎ ስንጥቁ ወሳኝ ርዝመት እስኪደርስ ስንት ዙር እንደሚፈጅ ይሰላል። ለዚህ መሠረት የሆነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፖል ፓሪስ ያቀረበው ደንብ ነው፤ ስንጥቅ በአንድ ዙር የሚያድገው በስንጥቅ ብርታቱ መለዋወጥ ልክ ሲሆን፣ ለብዙ ብረታ ብረት ይህ መለዋወጥ እጥፍ ሲሆን የዕድገቱ ፍጥነት ስምንት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ 12,000 በረራ ይፈጃል ካለ፣ ምርመራው በየ4,000 በረራው ይደረጋል፤ በአንዱ ቢያመልጥ በሚቀጥለው እንዲገኝ።

ዕድልን ማስላት። ተሰባሪ ቁሶች አንድ ዓይነት ሆነው እንኳ ጥንካሬያቸው ይለያያል፤ ሁሉም በውስጣቸው ያለው ትልቁ እንከን ያህል ናቸው። ስዊድናዊው ቫሎዲ ቫይቡል ይህን በስታቲስቲክስ ገልጿል። ትልቅ አካል ትልቅ እንከን የመያዝ ዕድሉ ስለሚበልጥ፣ ከተመሳሳይ ቁስ የተሠራ ትንሽ አካል በአማካይ ይበልጠዋል።

ምርመራው ቁሱን ሳይሰብሩ የሚደረግ ነው። ወደ ስንጥቅ ዘልቆ የሚገባ ቀለም መቀባት፣ በማግኔት የብረት ብናኝን መሰብሰብ፣ በአልትራሳውንድ ማዳመጥ፣ በኤክስሬይ ማንሳትና በኤሌክትሪክ ሽክርክሪት መፈተሽ የተለመዱ ናቸው። የተገኘ ስንጥቅ ጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ በመብሳት ለጊዜው ሊታገድ ይችላል፤ ሹል ጫፍ ወደ ክብ ጠርዝ ስለሚለወጥ የውጥረቱ ክምችት ይቀንሳል።

ትንበያው የሚሠራው ግምቱ ትክክል እስከሆነ ድረስ ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. በሀዋይ 89,680 በረራ ያደረገ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በአየር ላይ ሳለ የፊተኛው ጣራው ተገነጠለ። አብራሪዎቹ በሰላም አሳረፉት፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ግን ሕይወቷ አለፈ። ስሌቱ አንድ ስንጥቅ ብቻውን እንደሚያድግ ያስባል፤ እዚህ ግን በተከታታይ ሪቬቶች ዙሪያ የነበሩ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች በአንድ ጊዜ ተገናኙ። ከዚህ በኋላ ላረጁ አውሮፕላኖች የተለየ የምርመራ ሥርዓት ተዘረጋ።

የስብራት ገጽን ማንበብ

አንድ አካል ከተሰበረ በኋላ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በስብራቱ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ተለጣጭ ስብራት የደበዘዘ ግራጫ ገጽና የቀጠነ አንገት ይተዋል። ተሰባሪ የብረት ስብራት የሚያብረቀርቅና ጠፍጣፋ ነው፤ በላዩ ያሉት መስመሮች ወደ መነሻው ያመለክታሉ። የድካም ስብራት ደግሞ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ለስላሳና ውኃ በዳርቻ ላይ እንደሚተወው መስመር ቀለበት ያለበት ነው፤ ስንጥቁ ቀስ ብሎ ያደገበት ነው። ሁለተኛው ሻካራ ሲሆን በመጨረሻው ቅጽበት የተሰበረው ነው። ሻካራው ክፍል ትንሽ ከሆነ፣ ጭነቱ ቀላል እንደነበረና ስንጥቁ ለረጅም ጊዜ ሳይታይ እንደኖረ ያመለክታል። ቀለበቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ስለሚጠቁሙ መርማሪው የሚፈልገው ያንን ነጥብ ነው፤ እዚያም ጭረት፣ መጥፎ ብየዳ፣ የዝገት ጉድጓድ ወይም ያለ ቦታው የተበሳ ቀዳዳ ይገኛል። የተሰበረ አካል ከመጣሉ ወይም እንደገና ከመበየዱ በፊት ገጹ ሳይነካካና ሁለቱ ጎን ሳይፋተግ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።